ሎሚ በኪሱ የማይጠፋው በያጅ

ከሚሴ ውስጥ ኑርሁሴንን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ብረት ድስቱ ቀዳዳ አውጥቶበት አያውቅም። ከዋናው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ባለፉ ቁጥር በሯ ጓ! ብሎ የሚዘጋ፣ በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ አለችው። እዚያች ውስጥ ቁጭ ብሎ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የድስት ቂጥ፣ የባጃጅ ሞተር ክዳን፣ የጨፋ ገበሬዎች የውሃ ፓምፕ፣ ምኑ ቅጡ፣ የተሰነጠቀውን ሁሉ ሲደፍን ኖሯል። አሉሚኒየምማ እጁ ላይ ልጅ ነው! ሌላው በያጅ ጋ ሲሄድ መቅለጡን ሳያስታውቅ ድንገት ጥርግ ብሎ ይፈስሳል፤ ኑርሁሴን ጋ ሲመጣ ግን እሺ ብሎ ይገጥማል።

ታዲያ ይህ ሰው እንዴት ያለ ፈሪ መሰላችሁ! የሚፈራውም ጅብ አይደለም፣ ጂን አይደለም፣ እሳት ነው። በያጅ ሆኖ እሳት! ጋዙን ከመክፈቱ በፊት ጎማውን ከዳር እስከ ዳር የሳሙና አረፋ ቀብቶ ትንፋሽ ያወጣ እንደሆነ ያያል። ቢስሚላህ ይልና፣ አፉ የሳተ ይመስል ደግሞ ይለዋል። ሚስቱ ዓፊያ፣ ምላሷ ከሞረድ የሚስል ሴት፣ «የኔን ባል ለእሳት የዳሩት በግድ ነው» እያለች ጎረቤት ታስቃለች።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሎሚው ነው። ኑርሁሴን ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሎሚ አለ። ነጭ ብረት ይዞ የመጣ ደንበኛ ሰላምታውን ሳይጨርስ ኑርሁሴን ሎሚውን በጥፍሩ ቀደድ አድርጎ አንዲት ጠብታ ብረቱ ላይ ጠብ ያደርጋል። ጠብታዋ ዝም ካለች አሉሚኒየም ነው፤ ይሠራዋል። ጠብታዋ እንደ ለስላሳ መጠጥ ከተፍለቀለቀች ግን ማግኒዥየም ነው፤ ዕቃውን በሁለት እጁ አክብሮ ይመልስና «አላህ ይዘንልህ፣ ሌላ ቦታ ሞክር» ይላል። ከዚያ ወዲያ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ወይ ፍንክች!

ይህን ፍርሃት ከመሬት አላነሳውም። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ኮምቦልቻ ተቀጥሮ ሲሠራ አንድ ሰው የዛፍ መቁረጫ ሞተር ክዳን አመጣለት። ቀላል፣ ነጭ፣ ለዓይን አሉሚኒየም። ኑርሁሴን ያኔ ሎሚን የሚያውቀው ለሳል ብቻ ነበር። መበየጃውን አስጠጋው። ክዳኑ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ቀጥሎ ፀሐይን ከሰማይ ጎትተው ሱቁ ውስጥ የጣሏት ያህል ነጭ ብርሃን ፈነዳ። ኑርሁሴን በድንጋጤ ያደረገው እኔም እናንተም የምናደርገውን ነው፤ ባልዲ አንስቶ ውሃ ቸለሰበት። ያ እሳት ግን ውሃ ይበላል! ውሃውን አግኝቶ ጮኸ፣ ተረተረ፣ ጣሪያውን በሳው። ሦስት ቀን ዓይኑ አላየም። ዓፊያ እያጎረሰችው፣ እሱ ጨለማው ውስጥ ሆኖ «ጠፋ ወይ? ጠፋ ወይ?» ይል ነበር። ግማሹ የተረፈውን ክዳን እስከ ዛሬ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ዘግቶ አስቀምጦታል። ለትዝታ እንዳይመስላችሁ። ቢጥለው አንድ ሰው አግኝቶት እሳት ላይ ያደርገዋል ብሎ ስለሚፈራ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሰው ላይ ነው ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ የእህቱ ልጅ ኡምኩልሱም የመጣችበት።

ኡምኩልሱም የሒሳብ መምህርት ናት። በልጅነቷ የያዛት በሽታ እግሮቿን ወስዶባት እስከ አሥራ አምስት ዓመቷ እናቷ አዝላ ትምህርት ቤት ታመላልሳት ነበር፤ እናቷ ስትደክም ጎረቤቱ ተቀባብሎ ያዝላት ጀመር። ከሁለት ዓመት በፊት ደሴ ያለ አንድ ማኅበር ላባ የሚያህል ቀላል ተሽከርካሪ ወንበር ሲሰጣት መጀመሪያ የተናገረችው «ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ የሰው ጀርባ ላይ አልወጣም» የሚል ነው። አልወጣችምም። በየጠዋቱ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት የሚወስደውን የኮብልስቶን ቁልቁለት ብቻዋን ወርዳ ግቢው ትገባለች።

ያን ዕለት ግን የባጃጅ ሹፌሩ ሙሀመድአሚን ወንበሯን ጣሪያ ላይ አስሮ፣ እሷን ራሷን አቅፎ አውርዶ ሱቁ አግዳሚ ላይ አስቀመጣት። ጥርሷን ነክሳ ወደ ሌላ ስታይ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም አጎቴ።»

«ወአለይኩም ሰላም! ማል ታኤ? ምን ሆንሽ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። እግሬ ነው የተሰበረው» አለችና ወንበሩን በአገጯ አሳየችው።

የግራው የፊት ጎማ ፎርኬላ ከነመያዣው ከወንበሩ አካል ተገንጥሏል። ቁልቁለቱ ግርጌ ያለችው የፍሳሽ ቦይ ናት ያደረገችው። ሙሀመድአሚን ባለፈው ሳምንት በሙጫ አጣብቆላት ነበር፤ ሙጫው የከሚሴን ፀሐይ ሁለት ቀን ቢችል ነው። ብሎኑም ጥርሱ ተበልቶ ቀዳዳው ውስጥ ይዋኛል።

ኑርሁሴን ሎሚውን አወጣ። የፎርኬላው መያዣ ላይ ጠብ አደረገ፤ ዝም። የወንበሩ አካል ላይ ጠብ አደረገ። ፍልቅልቅ! ወደ ኋላ ሲሸሽ የምስማሩን ሳጥን ገለበጠው።

«ውሰጂው» አለ።

«አጎቴ!»

«ውሰጂው ልጄ። ይሄ እንደዚያኛው ነው። አልነካውም።»

ኡምኩልሱም ለማይገባው ተማሪ እንደምታደርገው ቀስ ብላ አስረዳችው። «ሰኞ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ይጀመራል። እኔ ፈታኝ ነኝ። ተማሪዎቼ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ በሰው ጀርባ ታዝዬ አልገባም። አንተ ካልሠራኸው ከአስፋልቱ ማዶ ያለው በያጅ ይሠራዋል። በኤሌክትሪክ ነው፤ ከወንበሩ ሳትወርጂ በአምስት ደቂቃ እጨርሰዋለሁ ብሎኛል።»

ከወንበሩ ሳትወርድ! ኑርሁሴን ያ ነጭ እሳት ከሥሯ ሲነሳ፣ መሮጥ የማትችል ልጅ መሀሉ ላይ ተቀምጣ፣ አንዱ በባልዲ ውሃ ይዞ ሲሮጥ ታየው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ትልቁ ፍርሃቱ ያንን ብረት መንካት ነበር። አሁን ሌላ ሰው እንዲነካው መተው በለጠበት።

«አስቀምጪው» አለ በደከመ ድምፅ። «አስቀምጪው፤ ማንም እንዳይነካው።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኡምኩልሱም ስልኳን ይዛ መጣች። እነዚህ ሁለት ብረቶች የት አገር፣ በማን፣ እንዴት እንደሚጋጠሙ ሌሊቱን ስታነብ ያደረች መሆኗ ዓይኗ ላይ ያስታውቃል።

«ስማ አጎቴ። ሁለቱን ቀጥታ አሙቀህ ካጋጠምካቸው መሀላቸው ላይ እንደ ብርጭቆ የሚሰባበር ነገር ይፈጠራል። የያዘ ይመስልሃል፤ መንገድ ላይ ይከዳሃል። መሀላቸው ሦስተኛ ብረት መግባት አለበት። አንዱ የሚሆነው ዚንክ ነው።»

«አበጋር ይግባ በይና!» አለች ዓፊያ ከደጃፉ። እዚያ አገር የተጣሉ ሰዎች መሀል እየተመላለሰ የሚያስታርቀውን ሽማግሌ አበጋር ይሉታል። «እነዚህም ፊት ለፊት ሲተያዩ ነው የሚሰባበሩት።»

«ሚስትህ ገብቷታል» አለች ኡምኩልሱም።

«ዚንኩ ከየት ይመጣል?»

ዚንኩ ከባትሪ ድንጋይ መጣ። ገጠር ላይ በእጅ ባትሪ መብራት የሚሄደው ሰው ብዙ ስለሆነ ሱቁ ሁሉ አለው። ኑርሁሴን የመጀመሪያውን ሰንጥቆ ማግኔት ሲያስጠጋበት ቆርቆሮው ተለጠፈ፤ ተራ ብረት ሆነ። ውዱን ነበር የገዛው። ርካሹን ሲሰነጥቅ ግን ማግኔቱ እምቢ አለ፤ ጥቁሩን ዱቄት ጠርጎ ሲያወጣለት ለስላሳ፣ ሰማያዊ የሚመስል የዚንክ ቆዳ አገኘ። ጠፍጥፎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አበራው።

ከዚያ ያንን ክፉ ሳጥን ከፈተ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ! የተቃጠለውን ክዳን በእጅ መጋዝ፣ እንዳይሞቅ በየሦስቱ ስበት እያረፈ፣ ሁለት ቁራጭ ቆረጠ። አንዱን ያለ ዚንክ፣ ሌላውን በዚንክ ከአሉሚኒየም ጋር ሞከራቸው። ያለ ዚንክ የተያያዘውን በመዶሻ ነካ ሲያደርገው እንደ ብስኩት ቀሽ ብሎ ተለያየ። ዚንክ ያለበትን መታው። ደገመው። ጎበጠ እንጂ አልተለያየም። ኑርሁሴን ጎባጣውን ብረት እያገላበጠ አየው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ላቡ በጀርባው ወረደ፤ አሁን ማምለጫ የለውማ!

ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። ኑርሁሴን የቦርከና ወንዝ አሸዋ ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነበር፤ አላመነውም። ከአሸዋው ሥር አንዲት የውሃ ጠብታ ተደብቃ እንደሆነስ? በትልቅ ብረት ምጣድ ከሰል ላይ ጥዶ እንደ ቆሎ ቆላው። መንገደኛ ቆሞ ያየዋል።

«አያ ኑርሁሴን፣ ጨው ጨምርበት እንጂ!» አለው ሙሀመድአሚን ከባጃጁ ሆኖ።

«አንተ ወዲያ ሂድ። ውሃ የሚባል ነገር ይዘህ እንዳትጠጋኝ ብቻ።»

መጀመሪያ ዚንኩን ከአሉሚኒየሙ ጋር በጋዝ መበየጃው አገናኘ፤ ማግኒዥየሙ እዚያ ቦታ ስለሌለ አልፈራም። ዚንኩ አሉሚኒየሙን እንደ ቅቤ ለበሰው። አሁን የቀረው ዚንክ የለበሰውን መያዣ ከወንበሩ አካል ጋር አጥብቆ አስሮ፣ በጋለ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ፣ ልክ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማሞቅ ነው። ካነሰ አይያያዝም። ከበዛ ነጩ እሳት።

ልኩን በምን ያውቃል? ይኼ ነው የሚያስደስተኝ! ሙቀት መለኪያ የለውም፤ ሁለት ዘበኛ ግን አቆመ። በትንሽ ክዳን ላይ አንዲት የእርሳስ ፍርፋሪና አንዲት የዚንክ ፍርፋሪ አድርጎ አሸዋው ውስጥ ከመገጣጠሚያው አጠገብ አስቀመጠ። እርሳስ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ዚንክ ቆይቶ፤ ዚንክና ማግኒዥየም ሲነካኩ ግን የሚቀልጡት እርሳሱ እንደቀለጠ ነው። እርሳሱ ሲቀልጥ «ደርሷል» ማለት ነው፤ ትንሽ ይታገሳል። ዚንኩ መቅለጥ ከጀመረ ግን «ሩጥ» ማለት ነው።

ኡምኩልሱምን ከአስፋልቱ ማዶ፣ ዓፊያ ጋ እንድትቀመጥ አዝዟት ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ብረቶች በሞረድ እንደ አዲስ ፈገፈጋቸው፤ ቆሻሻቸው ቶሎ ይመለሳልና። ብናኙን ከጠረጴዛው ጠረገ። መሬቱን ጠረገ። እጁን ጠረገ። ብናኙን ሁሉ በወረቀት ጠቅልሎ ከሱቁ አርቆ አስቀመጠ። ምንም የረሳው የለም። አሰረው፣ ቀበረው፣ ከሰሉን አራገበ፤ «ቢስሚላህ» አለ፤ ደግሞ አለ።

ሰዓቱ ሄደ። እርሳሷ ጠርዟ ክብ ሆነ፣ ለሰለሰች፣ እንደ እንባ ድቡልቡል አለች። ዚንኳ እንዳለች ናት። ኑርሁሴን በደንብ ሊያይ ጎንበስ አለ። የለበሰው ሽርጥ ነበር፤ ጎንበስ ሲል ወገቡ ላይ ላላበት። የአገሩ ወንድ ሁሉ በቀን ሃያ ጊዜ እንደሚያደርገው ሳያስብ የሽርጡን እጥፋት ፈታ አድርጎ መልሶ ሸጎጠው።

እጥፋቱ ውስጥ ሲሞርድ የገባው የማግኒዥየም ብናኝ ሁሉ ነበር።

ብናኙ ከሰሉ ላይ ረገፈ፤ ነጭ ሆነ! ሱቁ፣ ቆርቆሮው፣ የራሱ እጅ፣ ሁሉም ነጭ ሆነ። ያ ብርሃን ነው። ራሱ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ዘግቼዋለሁ ያለው ብርሃን በሱቁ መሀል ቆሞ ተፍለቀለቀ።

«እሳት! ኢቢዳ! ኢቢዳ!» የሙሀመድአሚን ድምፅ ነው። ለሶላት የሚታጠቡበትን ሰማያዊ የውዱእ ጀሪካን ከነውሃው አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ።

የኑርሁሴን እግር ወደ በሩ ተነሳ። አልዋሽላችሁም፤ ሊሮጥ ነበር። በሩ ላይ ግን ኡምኩልሱም አለች። ከማዶ ተቀመጪ የተባለችው ልጅ መጀመሪያውኑ አልሄደችም፤ ከበሩ ሥር ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ቀርታለች። መሮጥ አትችልም። ጀሪካኑም ደርሷል፤ ክዳኑ ተከፍቷል።

ኑርሁሴን ሙሀመድአሚንን ከነጀሪካኑ አቀፈው። በሕይወቱ ሰውን እንደዚያ አጥብቆ አቅፎ አያውቅም። ተያይዘው ግድግዳው ላይ ወደቁ፤ ውሃው ከአንገታቸው እስከ ጉልበታቸው አጠባቸው። «ውሃ አይሆንም! ውሃ አይሆንም! ወላሂ ውሃ አይሆንም!» ይላል ኑርሁሴን፣ ሙሀመድአሚን ደረት ላይ ተለጥፎ።

«እሺ ልቀቀኝ! አንቀኸኝ እኮ ነው!»

ሲለቀው ብርሃኑ የለም። ብናኙ እፍኝ እንኳ አይሞላም ነበርና አንድ ሰው ፋቲሓን እስኪጨርስ እንኳ ሳይቆይ ተቃጥሎ አልቋል። ውሃው ሁሉ በሁለቱ ሰዎች ልብስ ላይ ቀርቷል፤ ወደ ምጣዱ አንዲት ጠብታ አልደረሰችም። ኑርሁሴን በአራት እግሩ ሄዶ አየ። እርሳሷ ቀልጣለች። ዚንኳ እንዳለች ናት። አሸዋውን ገለጥ ሲያደርግ መገጣጠሚያው ዙሪያ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ላብ ወጥቶ ክብ ሠርቷል።

«ሂን ሶዳቲን አጎቴ» አለችው ኡምኩልሱም ከበሩ። «አትፍራ። አለቀ።»

«የት ያልቃል» አለ ኑርሁሴን። «ገና አንቺ ትቀመጪበታለሽ።»

ከሰሉን አርቆ አሸዋው ውስጥ እንደተቀበረ እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ድረስ አቀዘቀዘው። እርጥበት እንዳይገባበት ቀለም ቀባው፣ ደረበው፣ በግራሶ ጠቀለለው። እሑድ ወንበሩ ላይ አንድ ኩንታል ማሽላ አስሮ ያቺን የፍሳሽ ቦይ አሥር ጊዜ አሻገረው። በቁልፍ መታ መታ እያደረገ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ምንም።

«ማሽላው ተመችቶታል» አለች ኡምኩልሱም። «ተራው የኔ ነው።»

«አንድ ሳምንት ብንጨምርስ?»

«ፈተናው ነገ ነው።»

«እኔ ልዘልሽ። እኔ እኮ ሰው አይደለሁም፣ አጎትሽ ነኝ።»

በዚያ በመምህርት ዓይኗ አየችው። ኑርሁሴን ማሽላውን ከወንበሩ ላይ ይፈታ ጀመር።

ሰኞ ጠዋት ቁልቁለቱ አናት ላይ ሆኑ። ኑርሁሴን ለትምህርት ቤት ብሎ ሱሪ ለብሷል፤ እጁን ኪሱ ከትቷል። ታች፣ ግቢው በር ላይ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱ ተማሪዎች ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ኡምኩልሱም ወንበሯን ለቀቀችው።

ኑርሁሴን ዓይኑን ጨፈነ። አላየም፤ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ጎማው ኮብልስቶኑ ላይ ትር ትር ትር ይላል፤ ይፈጥናል፣ ይርቃል። ዳገቱ ሥር ያለችውን ቦይ ሲያስብ ጥርሱ ተጋጨ። ከደረቱ እስከ አፉ ያለው ቦታ ሁሉ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ብቻ ሆነ። ጓ! አለ አንድ ነገር። ቦይዋ ናት። ከዚያ ዝም። ዝምታው ውስጥ ኑርሁሴን ልጅቷን በግንባሯ ስትደፋ፣ ፎርኬላው ሲፈናጠር፣ ተማሪዎቹ ሲጮኹ፣ ሁሉንም አየ።

«አጎቴ!»

ከሩቅ ነው። አልገለጠም።

«አጎቴ! ዓይንህን ግለጥ!»

ገለጠ። ኡምኩልሱም ቦይዋን አልፋ፣ በሩ ሥር ቀጥ ብላ ተቀምጣ እጇን ታውለበልባለች። ተማሪዎቹ ለሁለት ተከፍለው መንገድ ሰጧት፤ በራሷ እጅ ጎማዋን እየገፋች ገባች።

ኑርሁሴን ትንፋሹን ገና ሊለቅ ሲል ሙሀመድአሚን ከኋላው ባጃጁን አቁሞ ወደ ሱሪው ጠቆመ። የሱሪው ፊት እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«አያ ኑርሁሴን! ቅዳሜ በኔ ውሃ ነበር፤ ዛሬስ በምን ይሆን?»

ኑርሁሴን ኪሱ ውስጥ የጨበጠውን አወጣ። ሎሚው ተጨምቆ ልጣጩ ብቻ ቀርቷል፤ አንዲት ጠብታ የለውም።

«ቀርበህ አሽትት» አለው።